አሥር አለቃ ወንድይራድ ኮርያ አልዘመቱም ተብሎ እንዲፈረም ስለመጠየቁ

ለአትላንቲክና ፓስፊክ የጸጥታ ውይይት አዘጋጅ ጽሕፈት ቤት
ለመግቢያ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ዴን ሐግ

ሰኞ፣ ሰኔ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ይኸውም በእናንተ ጁን 8 ቀን 2026

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ባልደረቦችዎን በሙሉ ጤንነትና በማይበገር የሥራ ትጋት ላይ እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው። ሰሞኑን ዕረፍት እንዳላገኙ ከሩቅም ቢሆን ይታየኛል፤ ከሆላንድስ ስፖር ባቡር ጣቢያ ወደ ጉባኤው አዳራሽ የሚወስደው መንገድ በብረት አጥር ታጥሯል፣ የትራሙ መሥመር ተቀይሯል፣ የብስክሌት ማቆሚያው ሳይቀር ተነሥቷል። ይህን ሁሉ ያሰበ ራስ እንዳይታመም፣ ይህን ሁሉ የፈረመች እጅም እንዳትዝል እመኛለሁ።

ወደ ዜናው ልግባ። ባለፈው ሐሙስ ግንቦት 27 ቀን ጽሕፈት ቤትዎ ለወይዘሮ ብዙወርቅ ወንድይራድ ደብዳቤ ጽፏል። በደብዳቤው መሠረት፣ ወይዘሮ ብዙወርቅ አባታቸው ኮርያ መዝመታቸውን የሚገልጸውን የምስክር ወረቀት ከፋይላቸው ካወጡና «እስከማውቀው ድረስ ከቤተሰቤ አባላት መካከል በምሥራቅ እስያ በማናቸውም ጦርነት የተሳተፈ የለም» በሚል ቃል ላይ ከፈረሙ፣ ታግዶ የቆየው የመግቢያ ፈቃዳቸው በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይመለስላቸዋል። ካልፈረሙ ፋይላቸው ይዘጋል። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ሰኔ 12 እኩለ ቀን ላይ ነው።

ደብዳቤዬ ግልጽ ስለሆነና እርስዎ በቁጥር የሚያውቋቸውን ሰዎች ሌላው አንባቢ በስም እንኳ ስለማያውቃቸው፣ ላስተዋውቃቸው ይፍቀዱልኝ። ወይዘሮ ብዙወርቅ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው፤ የሚኖሩት ላክ ሠፈር፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ በኪራይ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውይይትዎ በሚካሄድበት አዳራሽ በመስተንግዶ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የስንት አገር ሚኒስትር ሻይ ከእጃቸው እንደ ጠጣ እርስዎ ከእኔ የተሻለ መዝገብ ይኖርዎታል። ለጡረታ ዘጠኝ ዓመት ይቀራቸዋል። የቀጠራቸው ድርጅት በትሕትና እንደ ነገራቸው፣ የእርስዎ ፈቃድ ከሌላቸው በአዳራሹ ቦታ የላቸውም፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ድርጅቱ ራሱ የለውም። ስለዚህ ፈቃዱ ካልተመለሰ ከሐምሌ በፊት ሥራቸው ያበቃል።

አባታቸው አሥር አለቃ ወንድይራድ ሳህለ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፤ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በክብር ዘበኛ ወታደርነት ተመርጠው፣ ከቃኘው ሻለቃ ጋር በጂቡቲ በኩል በመርከብ ተጉዘው፣ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ኮርያ ተዋግተዋል። ዓመቱን ለጊዜው አልጠራውም፤ ችግሩ የጀመረው ዓመቱ የተጠራ ዕለት ነውና።

የውይይቱ ዓላማ ጠፍቶኝ እንዳልሆነም ይረዱልኝ። ከ2022 ወዲህ የጃፓን፣ የደቡብ ኮርያ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ መሪዎች ወደ ኔቶ ጉባኤዎች ሲጋበዙ ሰንብተዋል፤ የአውሮፓ ጸጥታና የምሥራቅ እስያ ጸጥታ ተነጣጥለው አይታዩም የሚለው አነጋገርም በየመግለጫው ተለምዷል። እኔ ሮተርዳም ዙይድ ነው የምኖረው፤ ከደቡብ ኮርያው የቡሳን ወደብ የተጫነ ዕቃ ወደ ወደባችን እንደሚገባ፣ በዚያ ባሕር ላይ ጥይት ቢተኮስ ድምፁ እዚህ ወንዝ ዳር እንደሚሰማ ለመረዳት ስትራቴጂ መማር አያሻኝም። ወዳጅ ማብዛት ነውር የለበትም። ዴሞክራሲዎች እርስ በርሳቸው ቢጠባበቁም ደግ ነገር ነው። ጥያቄዬ ጠባብ ነው፤ ወዳጅነቱ እንዲጸና የአንድ ሽማግሌ ዘመቻ መሰረዝ ለምን እንዳስፈለገ ብቻ ነው።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ። ከፊታቸው ያለውን ቁጥር ግን ባለሙያዎችዎ ዓመት ነው ብለው እንዳይወስዱት በማክበር አሳስባለሁ።

አንደኛ። የጽሕፈት ቤትዎ ቅጽ ቁጥር አሥራ አራት ላይ «ከቤተሰብዎ መካከል ከኔዘርላንድስ ውጭ በሆነ ጦር ውስጥ ያገለገለ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ወይዘሮ ብዙወርቅ አለ ብለው መለሱ። ባዶ ቦታው ስላልበቃቸው ተጨማሪ ወረቀት አያያዙ፤ ወረቀቱም ስላልበቃቸው የአባታቸውን የምስክር ወረቀት ራሱን አቀረቡ። እንዲተረጎም ወደ እኔ ይዘውት የመጡ ዕለት ፊታቸው በርቶ ነበር። «ጋሽ ዘአማኑኤል፣ ስለ ኮርያ አይደል የሚሰበሰቡት? የአባባን ወረቀት ሲያዩ ደስ አይላቸውም?» አሉኝ። እኔም ደስ ይላቸዋል አልኩ። ሁለታችንም የተሳሳትነው ጥያቄን መልስ እንደሚፈልግ ነገር መቁጠራችን ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ከዚህ የልጅነት እምነት ስላላቀቀን ምስጋናችን ወሰን የለውም፤ ከእንግዲህ በዚህች አገር በሚቀርብልን ቅጽ ሁሉ ባዶ ቦታው የተተወው ባዶ እንዲሆን መሆኑን ለልጆቻችን እናስተምራለን።

ሁለተኛ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈቃዱ ታገደ። ምክንያቱን የገለጸችው ገጽ በታሪክ ዕውቀት የተሞላች ስለሆነች እዚህ ላይ ባሳጥራት ድፍረት ይሆንብኛል፤ እንዳለች ላስቀምጣት፦ «በቀረበው ሰነድ መሠረት ግለሰቡ ከ1943 እስከ 1944 በኮርያ ልሳነ ምድር በውጊያ ላይ ነበሩ። በተጠቀሰው ጊዜ ግዛቱ በጃፓን አስተዳደር ሥር ነበር። ስለሆነም ሰነዱ ትክክለኛ አይደለም፤ ወይም ግለሰቡ በጊዜው ከተባባሪ ኃይሎች በተቃራኒ በተሰለፈ ጦር ውስጥ አገልግለዋል።»

ባለሙያዎ በ1943 ኮርያን ማን ይገዛ እንደ ነበር ማወቃቸው የሚያስመሰግን ነው። ከሒሳቡ ጋር ብቻ ትንሽ አልተግባቡም። በዚያው ፋይል፣ ከሁለት ገጽ በፊት፣ የዚህችው አገር መንግሥት የሰጣቸው መታወቂያ አሥር አለቃ ወንድይራድ በ1932 መወለዳቸውን ይናገራል። በባለሙያዎ ግኝት መሠረት እንግዲህ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ሠራዊት፣ የሰው ኃይል አንሶት ይሁን በሌላ ምክንያት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ሕፃን ከኢትዮጵያ አስመጥቶ ጠመንጃ አሸክሟል ማለት ነው። ይህ ግኝት እውነት ከሆነ ለሁለት አገሮች የታሪክ ክፍሎች የሚበቃ ሥራ ነውና በአንድ የሻይ አስተናጋጅ ፋይል ውስጥ ተቀብሮ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ደግሞስ እውነት ቢሆን ኖሮ? ጃፓን ዛሬ የክብር እንግዳዎ ናት፤ ጦርነት ያልፋል፣ ጠላትም ወዳጅ ይሆናል፣ ይህም ደግ ነው። ትናንት ከወዲያኛው ወገን ተሰልፎ የነበረ አገር በፊተኛው ረድፍ ወንበር ሲሳብለት፣ ከወዲህኛው ወገን የተሰለፈ ወታደር ልጅ በጓዳ በር መግባት የምትከለከልበት ሥርዓት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ግን፣ ጊዜ ሲያገኙ በጥቂት መሥመር ቢያስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ። ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ነው፤ እርስዎን ብቻ ብወቅስ ፍርድ ይጎድላል። የምስክር ወረቀቱን በመሐላ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጋዜጣ ላይ ሠርቻለሁ፤ እዚህ ከመጣሁ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት በፍርድ ቤት የተመዘገብኩ ተርጓሚ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ዓመቱ የተጻፈው በግእዝ አኃዝ ነበር፤ ፲፱፻፵፫። ይህን 1943 ብዬ ጻፍኩና ቀኑን የቀየርኩ መሰለኝ። አኃዙን ቀይሬ ዘመኑን ረሳሁት። የእኛ ዘመን ከእናንተ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቀር፣ ዘመቻውም በእናንተ ከ1951 እስከ 1952 እንደ ነበር፣ ለስንቱ ሰው የልደት ወረቀት ግርጌ ላይ ማስታወሻ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የዚያን ዕለት ሽማግሌው ከጎኔ ተቀምጠው ስለ መርከቡ ሲያጫውቱኝ ነበርና ማስታወሻውን ሳልጽፍ ማኅተሜን መታሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህንኑ በመጋቢት ወር በፊርማዬ አረጋግጬ፣ የታረመውን ትርጉም አያይዤ፣ በአደራ ደብዳቤ ልኬልዎታለሁ። መድረሱን የሚገልጽ ወረቀትም አለኝ።

አራተኛ። የታረመው ትርጉም የደረሰው የወይዘሮ ብዙወርቅ ልጅ ረሆቦት ካዘጋጀችው የተቃውሞ ማመልከቻ ጋር ነበር። ረሆቦት እዚሁ ያደገች፣ አምስተርዳም በሕግ ቢሮ የምትሠራ፣ የሠላሳ ዓመት ወጣት ናት፤ ቤዝዋር የሚባለውን የእናንተን ማመልከቻ በእናንተው ቋንቋ ከእናንተው ሰዎች አሳምራ ትጽፋለች። ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን በሰንጠረዥ አቀረበች። ጽሕፈት ቤትዎ የሰጣት መልስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ማመልከቻ ከገባ በኋላ የሚደረግ የቀን ለውጥ የቃል ለውጥ ተደርጎ እንደሚቆጠር ይገልጻል። ሁለተኛው፣ ቃሉን የለወጠ አመልካች ተአማኒነቱ በዚያው ልክ እንደሚቀንስ ይገልጻል። ከዚህ በኋላ ረሆቦት ነገሩን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ከሴኡል የሚመጡት እንግዶች ስለሆኑ እነርሱ እንዲጠየቁ አመለከተች። የመጣላት መልስ፣ ከልዑካን ጋር መገናኘት የሚፈቀደው የመግቢያ ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ነው የሚል ነበር። ይህን መልስ በስልክ ስታነብልኝ መሐል ላይ ሳቀች። «ጋሼ፣ ይሄን የጻፈው ሰው እኮ ደኅና ሰው ነው። ስልክ ላይ አዋርቼዋለሁ፣ በጣም ትሑት ነው» አለችኝ። እኔም የማመሰግንዎ በዚህ ነው። በእኛ አገር ሰው ከሥራው ሲባረር ቢያንስ ይጮኹበት ነበር፤ የእርስዎ ቢሮ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ መልካም ቀን ተመኝቶ፣ ያንኑ ይፈጽማል።

አምስተኛ። በአዳራሹ መተላለፊያ የተሰቀለውን ዐውደ ርእይ ወይዘሮ ብዙወርቅ ፈቃዳቸው ከመታገዱ በፊት በነበረው ሳምንት አይተውታል፤ የብርጭቆ ጋሪ እየገፉ በሥሩ አልፈዋል። «የጋራ ትዝታ» ይባላል። ወደ ኮርያ ጦር የላኩ የዐሥራ ስድስት አገሮች ሰንደቆች ተሰልፈዋል፤ የእናንተም አለ፣ የእኛም አለ። ለሰንደቁ የመግቢያ ፈቃድ መጠየቅ ስላላስፈለገዎ ደስ ብሎኛል።

ዐውደ ርእዩ የያዘውን ትዝታ ለማሟላት ያህል አንድ ነገር ልጨምር። አሥር አለቃ ወንድይራድ እግራቸውን ቆስለው ጃፓን ውስጥ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። በቀጣዩ አልጋ የተኛው ቁስለኛ የሮተርዳም ልጅ ነበር፤ ካተንድሬኽት ከሚባለው፣ እኔ ዛሬ ዳቦ ከምገዛበት ሠፈር። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ሆላንዳዊው ብርድ ማለትን በቋንቋው አስተማራቸው፣ እርሳቸውም በአማርኛ አስተማሩት፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ተራ በተራ «ብርድ!»፣ «ካውት!» እየተባባሉ ሲስቁ ከረሙ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በልጃቸው በኩል ወደዚህ አገር ሲመጡ በአውሮፕላን ማረፊያው የሚያውቁት የሆላንድ ቃል ይኸው አንዱ ብቻ ነበር፤ እንደ ልብ ተጠቅመውበታል። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት በዚህ ወር መጨረሻ የሚከፍተው የአትላንቲክና የፓስፊክ ውይይት በእኔ ግምት በዚያ ክፍል፣ በሁለት አልጋ መካከል፣ ያለ አጥርና ያለ ቅጽ ተከፍቶ ነበር።

ስድስተኛ። ይህንን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ልንታገሠው እንችል ነበር።

እርስዎ ሳያውቁት የጠየቁት ፊርማ አዲስ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ማለትም በእናንተ 1974፣ (ያለፈውን ስህተቴን እንዳልደግመው እየተጠነቀቅሁ ነው) ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን ያዘ። አዲሱ መንግሥት ውሎ አድሮ ከሰሜን ኮርያ ጋር ወዳጅ ሆነ፤ ወደ ኮርያ የዘመቱ ሰዎችም አንገታቸውን መድፋት ጀመሩ። አሥር አለቃ ወንድይራድን ቀበሌው ጠርቶ ለኢምፔሪያሊስቶች ተዋግተሃል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። «እኔ የቤተ መንግሥት አትክልተኛ ነበርኩ፤ ኮርያ የሚባል አገር በየት በኩል እንደ ሆነም አላውቅ» ብለው ፈረሙ። እግርህን ምን ነካህ ሲሏቸው በቅሎ ረገጠኝ አሉ። የምስክር ወረቀቱን ግን አልቀደዱትም፤ ከማርያም ሥዕል ጀርባ፣ በመስተዋቱና በካርቶኑ መካከል ከተቱት፤ መንግሥት እስኪለወጥ ዐሥራ ሰባት ዓመት እዚያው ተቀመጠ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አንድ ሰው በአንድ ዘመቻ ሁለት ጊዜ ተጠርጥሯል። በመጀመሪያው ለምዕራቡ ዓለም ተዋግቷል ተብሎ፣ በሁለተኛው በምዕራቡ ዓለም ላይ ተዋግቷል ተብሎ። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በሌላው ነገር ሁሉ የማይገናኙ ቢሆኑም መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ወረቀት ግን አንድ ነው። ቀበሌውን የምወቅሰው ያህል እርስዎን አልወቅስም፤ ቀበሌው ቢያንስ ወረቀቱን ዴሞክራሲ ብሎ አልጠራውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእርስዎን ደብዳቤ ለመተርጎም ላክ ሄጄ ነበር። ሽማግሌው ለብሰው፣ ከረቫት አስረው፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁኝ። አንብቤ ስጨርስ አልተቆጡም። ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «ብዙዬ፣ ፈርሚ በቃ» አሏቸው።

«አባባ፣ እንዴት ብዬ ነው የምፈርመው?»

«አልሄደም በይ። እኔ ያኔ ብዬዋለሁ፤ ጥርሴ አልረገፈም።»

«ያኔ ሊገድሉዎት ነበር እኮ!»

«አሁንስ እንጀራሽን አይደል?»

ረሆቦት ከአምስተርዳም መጥታ ነበር። እዚህ ያደጉ ልጆች እንደሚያደርጉት አያቷን አንተ ትላለች፤ እርሳቸውም ለምደውታል። «አያ፣ አንተ ግን ሄደሃል እኮ። ሄደሃል አይደል?» አለቻቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣» አሉ፤ «ቢሮውን ጠይቂ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እርሳቸው ከሁላችን በላይ ሳቁ። ወይዘሮ ብዙወርቅ ግን ሳቃቸው ሳያልቅ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ቧንቧው ሲከፈት ሰማን፤ ለረጅም ጊዜ ሳይዘጋ ቆየ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «ጋሽ ዘአማኑኤል፣ እኔ እኮ ያን ወረቀት ያወጣሁት ልኮራበት ብዬ ነው» አሉኝ። 

ሰው ሊያስተውለው የሚገባውን ላስቀምጥ። ፊርማው ከተፈረመ ወይዘሮ ብዙወርቅ በወሩ መጨረሻ ማክሰኞ፣ ውይይቱ ሲከፈት፣ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው በዐሥራ ስድስቱ ሰንደቆች ሥር ሻይ ይቀዳሉ። ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ሰንደቁ እያመለከተ ከየት ነዎት ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ከኢትዮጵያ ነኝ ሊሉ ይችላሉ። አባቶችዎ ለእኛ ሞተውልናል ቢላቸው ግን፣ ከቤተሰቤ የሄደ የለም ብለው ለጽሕፈት ቤትዎ ፈርመዋልና፣ ዝም ይላሉ። የታመነ ሠራተኛ ማለት በእርስዎ መዝገብ ይህ ነው። ከፊርማው በፊት እውነት የተናገሩት ሴት ለአዳራሹ ሥጋት ነበሩ፤ ከፊርማው በኋላ ሐሰት የሚናገሩት ሴት ሥጋት አይደሉም። ጸጥታን እንዲህ አድርጎ የሚጠብቅ ክፍል በሁለቱም ውቅያኖሶች ዳርቻ እንደማይገኝ አልጠራጠርም።

የምለምንዎ ትልቅ ነገር አይደለም። ፈቃዱ በታረመው ትርጉም መሠረት ይመለስ፤ የምስክር ወረቀቱም በፋይሉ ውስጥ በቦታው ይቆይ። ስህተቱ የተርጓሚው መሆኑን በእኔ ስም መመዝገብ ይችላሉ፤ መሐላዎን ይመልሱ ካሉኝም ማኅተሜን ይዤ ቢሮዎ ድረስ እመጣለሁ፤ በእርግጥ የመግቢያ ፈቃድ ከሰጡኝ።

በዚህ ሥራ በበዛበት ወቅት የአንዲት አስተናጋጅን የቤተሰብ ታሪክ እስከዚህ ድረስ ስለመረመሩልን፣ የረሳነውን ስላስታወሱን፣ ያስታወስነውንም እንድንረሳ ዕድል ስለሰጡን፣ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ውይይታችሁ እንዲሠምር፣ እንግዶቻችሁ በሰላም ገብተው በሰላም እንዲወጡ፣ እርስዎም የሚያምኑት ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ የክብርነትዎ ትሑት ታዛዥና ዘወትር ለመመርመር ዝግጁ የሆንኩ፣

ዘአማኑኤል ሊባኖስ
የመሐላ ተርጓሚ፣ የቀድሞ ጋዜጠኛ
ሮተርዳም ዙይድ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ብዙወርቅ ወንድይራድ፣ ላክ፣ እንዲያውቁት
ለቀጣሪው ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል፣ ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ሳይሆን እንዲያፍር
የካተንድሬኽቱ ሰውዬ በሕይወት ካሉ፣ ለእርሳቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያላስገባሁትን አንድ ነገር ባልገልጽ ቃሌን ያጎድልብኛል። ትናንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አሥር አለቃ ወንድይራድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አስቆሙኝና በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ሰጡኝ። «እኔ ወንድይራድ ሳህለ ኮርያ ሄጄ አላውቅም፤ ወረቀቱ የእኔ አይደለም፤ ልጄ ንጹሕ ናት» ይላል። ጽሕፈታቸው ዛሬም የወታደር ጽሕፈት ነው፤ መሥመሩ አይዛነፍም። «ተርጉምና ማኅተምህን ምታበት፤ የፊቱ ማኅተምህ እንደሆነ አልሠራም» አሉኝ። ወይዘሮ ብዙወርቅ አጠገባቸው ቆመው ነበር። ወረቀቱን ከእጄ አልነጠቁም፣ አባታቸውንም አልተቃወሙም። «ለጊዜው እርስዎ ዘንድ ይቆይ፤ አስቤበት እደውላለሁ» ብለው የአባታቸውን ክንድ ይዘው ወደ ትራሙ ሄዱ።

ክቡር ሆይ፣ ወረቀቱ ከደረሰዎ በጠቅላላው ፋይል ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሐሰት የሆነው እርሱ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህም ያለ ተጨማሪ ጥያቄ እንደሚቀበሉት እርግጠኛ ነኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አልተረጎምኩትም። ወይዘሮ ብዙወርቅ እስከዚህች ሰዓት አልደወሉም። የሰጧቸው ቀን ዓርብ ሰኔ 12 ነው፣ እኩለ ቀን ላይ።